የጥቅሻ ውለታ

እታለማሁ የጫማ ሱቋን ዘግታ ሄሉ ትምህርት ቤት ስትደርስ የጆሮ ምርመራው ተጀምሯል። ይህን ቀን ስትጠብቅ ክረምቱ መጥቶ ሄዷል። የልጇ የቃልኪዳን ጆሮ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መግል ያፈልቃል። ሐኪሙ፣ «መስማቷን የሚለካ መሣሪያ እኛ ጋ የለም። መርማሪዎቹ ሲመጡ አይተው ለሕክምና ናይሮቢ ይልኳታል። ከዘገየች ግን የቀረውም ይጠፋል» ብሏት ነበር።

በመስኮት አየች። ቃልኪዳን ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ጀርባዋን ለመርማሪው ሰጥታ ተቀምጣለች። ድምፅ ስትሰማ እጇን ማንሳት ነው። ተረኞቹ ፊት ለፊቷ አግዳሚ ላይ ተኮልኩለዋል፤ መጀመሪያ ላይ ጓደኛዋ ሳቢሪን። ቃልኪዳንን «ደንቆሮ» ያለ ሁሉ ከሳቢሪን ጋር ነው የሚደባደበው።

ቃልኪዳን እጇን አነሳች። ደግማ አነሳች። አንዱንም አልሳተችም።

«ሳዋ! ጥሩ ነው፣ አልፈሻል» አለ መርማሪው ሙደሲር።

እታለማሁ ዘው ብላ ገባች። «ኧረ የኔ ወንድም፣ ይቺ ልጅ አትሰማም! የወለድኳት እኔ ነኝ።»

«ማማ፣ ሰው ልጄ አለፈች ብሎ እልል ይላል፤ አንቺ ታለቅሻለሽ?»

«ድገምላት፣ በልጆችህ!»

«ገና አላገባሁም» ብሎ ሳቀ። ደገመላት ግን። አሁንም አንድም አልሳተችም።

«በይ፣ ከእኔም በላይ ትሰማለች። ዛሬውኑ ማርሳቢት ከተማ መግባት አለብን።»

ያለፈን ልጅ ናይሮቢ የሚልክ የለም። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ከግቢው ሲወጣ ሳቢሪን ሮጣ መጥታ የእታለማሁን ቀሚስ ያዘች።

«እትዬ፣ አታልቅሺ። ማንም አላወቀብንም።»

«ምኑን?»

«እኔ ነኛ ያሳለፍኳት! ጣቱ ቁልፉን ሲጫን እጠቅሳታለሁ፣ እሷ እጇን ታነሳለች። የክፍላችን ልጅ ዓምበሮ ምርመራውን የወደቀች ጊዜ ሩቅ ትምህርት ቤት አይደል የወሰዷት? ቃልኪዳንን ግን አይወስዷትም።» ፊቷ በደስታ በርቷል።

እታለማሁ ልትቆጣት አፏን ከፈተች። የወጣት ግን «ተባረኪ» የሚል ቃል ብቻ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ሲነገረው ምን ላድርግ በሚል ሁለት እጁን ዘረጋ። «እንግዲህ መርማሪዎቹ ሲመለሱ ነዋ። መቼ እንደሆነ እኛም አናውቅም።»

ወደ ቤት ሲሄዱ ቃልኪዳን ከፊት ከፊት ትዘላለች። ድንገት ዞረች።

«አለፍኩ አይደል፣ እማ?»

«አለፍሽ» አለቻት፣ ከንፈሯን በደንብ እያንቀሳቀሰች።

ወዲያው ከኋላ አንድ ቦዳቦዳ ሞተር ጡሩምባውን እያንባረቀ መጣ። እታለማሁ የልጇን ትከሻ ይዛ ወደ ዳር ሳበቻት። ሞተረኛው እያለፈ፣ «አትሰማም እንዴ ይቺ ልጅ!» ብሎ ጮኸ።

ሞተረኛው እንኳን አወቀ።

ቃልኪዳን ፊቷን ወደ መንገዱ መልሳ መዝለሏን ቀጠለች። እታለማሁ ወደ ኋላ ቀረት አለችና እንደ ለቅሶ ቤት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። «ልጄን! ልጄን!» መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አያት።

ቃልኪዳን አልዞረችም።