የከሳው እንጨት

ሰኔ አሥራ አንድ ቀን ጠዋት፣ ቢቸና ላይ የመሣሪያ ከረጢቴን ስከፍት ሁሉም ዕቃ በቦታው ነበር፦ ካዞላ፣ መዶሻ፣ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ሲባጎና ቱንቢ። ቱንቢው በክር የሚንጠለጠል፣ አርባ ሚሊ ስፋት ያለው ክብ ብረት ነው። ክሩ በመሐሉ የሚያልፍበት የእንጨት መያዣም ስፋቱ ከብረቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። መያዣው ግንቡ አናት ላይ ሲለጠፍ ታች ያለው ብረት ግንቡን በስሱ ነካ ካደረገ፣ ግንቡ ቀጥ ብሏል ማለት ነው። የድሮው መያዣ ስለጠፋብኝ በጥር ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ሌላ ጠርቤ ነበር። የዚያን ቀን ስለካው ልክ አርባ ነበር።

ግንበኛው ጓደኛዬ ፋንታ ቱንቢውን ሊዋስ መጣ። እኛ ዘንድ የተዋሱትን መሣሪያ ሳይፈትኑ ይዘው አይሄዱም። ብረቱንና እንጨቱን ጎን ለጎን አስተኝቶ ጣቱን አሳለፈባቸው።

«ደምለው፣ ብረትህ ወፍሯል ወይስ እንጨትህ ከስቷል?»

«ምን ሆነ?»

«አንተው ለካው።»

ለካሁ። እንጨቱ ደርቆ ሠላሳ ሰባት ሆኗል።

በመጋቢት ሞጣ ላይ የደንበኛዬን የሀሲናን የግቢ ግንብ የሠራሁት በዚህ እንጨት ነው። ነፋሱ ቱንቢውን እያወዛወዘ ስላስቸገረኝ ክሩን አሳጥሬ፣ እያንዳንዱን የብሎኬት ረድፍ ከሥሩ ካለው ረድፍ ጋር ብቻ ነበር የማስተያየው። የሦስት ሚሊ ግማሽ አንድ ተኩል ነው። ረድፉ አሥራ አራት። ሃያ አንድ ሚሊ፣ ቱንቢውን ወዳንጠለጠልኩበት ወደ ግቢው ውስጥ።

ሃያ አንድ ሚሊ ብቻውን ግንብ አይጥልም። ግን የቤቱ ጣሪያ ውሃ የሚወርደው እዚያው ግንቡ ሥር ነው፤ ክረምቱም ገብቷል። የሀሲና አባት፣ አባባ አብዱልዋሂድ፣ ከምሳ በኋላ ያንን ግንብ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ።

ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ሚኒባስ ያዝኩ። ደብረ ወርቅ ላይ ሾፌሩ ሰው እስኪሞላለት ሃያ አምስት ደቂቃ ቆመ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞጣ ድረስ ዘነበ። መስኮቱን እያየሁ አንድ ነገር ብቻ እለምን ነበር፤ ዝናቡ ቀጥሎ ሽማግሌው ከቤት እንዳይወጡ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ስደርስ ዝናቡ አባርቷል፣ ፀሐይ ወጥታለች። አባባ አብዱልዋሂድ ወንበራቸውን ግንቡ ሥር አድርገው ጀርባቸውን አስደግፈዋል።

«አባባ፣ እባክዎ ከዚያ ይነሡ።»

«ግንበኛው፣ ሰላምታ የለም እንዴ? ቢቸና እንዲህ ነው የሚያሳድገው?»

ሰላም አልኳቸው። ሀሲና ከቤት ወጣች።

«ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መስሏል።»

«ግንቡ ዘሟል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የግንቡ ቁመት ሁለት ሜትር ከሰማንያ ነው። ከሥሩ ሦስት ሜትር ተኩል ለክቼ ወንበሩን እዚያ አኖርኩ።

«በሜትር የሚያስቀምጡኝ ጨርቅ ነኝ?» እያሉ ተቀመጡ።

በመንገዱ በኩል መሰላል አቁሜ፣ ከግንቡ አናት ወደ ግቢው በወጣ ጣውላ ላይ ሙሉ ክር አንጠለጠልኩ፤ ከግንቡ ሠላሳ ሳንቲም አራቅሁት። ከዚያ ግቢ ገብቼ ታች ለካሁ። ሠላሳ ሁለት ከአንድ ሚሊ ይሆናል ብዬ ነበር። ሠላሳ አራት ሆነ። መሬቱ ጫማዬን እየዋጠ ነበር። አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቄ ደግሜ ለካሁ። ሠላሳ አራት ከሰባት ሚሊ።

ግንቡ እየሄደ ነበር።

ዞር ስል አባባ አብዱልዋሂድ የቤቱን ጥላ ሸሽተው ወንበራቸውን ወደ ግንቡ ጠጋ አድርገዋል።

«አባባ፣ ወደ ኋላ...»

«ትንሽ ፀሐይ ብትፈቅድልኝ ምን አለበት?»

ወደ እሳቸው ሮጥኩ። ክንዳቸውን ስይዝ ከኋላዬ ድንጋይ እንደሚፈጭ ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ግንቡ ወድቆ መሬቱ ተናጠ። አቧራ አልነበረም፤ ሁሉም እርጥብ ነው። ሀሲና አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆማለች። ሽማግሌው እንደተቀመጡ ናቸው።

ሜትሩ እጄ ላይ ነበር። አርቆ ከወደቀው ብሎኬት እስከ ወንበራቸው የፊት እግር ለካሁ። አርባ አንድ ሳንቲም።