ቤቴን ሊያስፈርስ የነበረው ማመልከቻ

ማመልከቻ መጻፍ ማለት እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ጃንጥላ ይዤ ስቀመጥ ያላስለቀስኩት ዳኛ የለም። አንዱማ የጻፍኩትን አንብቦ ችሎቱን አቋርጦ እናቱን ሊጠይቅ ሄደ ይባላል። የሚለው እኔው ነኝ፤ ቢሆንም ይባላል።

እንግዲህ መንገዱን ሊጠግኑ የመጡ ሰዎች ያንን ሮለር የሚሉትን ጉድ በደጃችን ሲነዱት የአማቴ ክፍል ግድግዳ ተሰነጠቀ። ከሰው ሁሉ መርጠው የእኔን ቤት መንካታቸው የእነሱ ዕድል ነው።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ በዚያች ክፍል ሲኖሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። አልጋቸው ግድግዳው ሥር፣ መስኮታቸው ወደ መንገድ ነው፤ እሳቸው ሳያዩት ከሰፈሩ የወጣም የገባም የለም። ዝናብ ሳይመጣ ስንጥቁ እንዲደፈንላቸው ነበር የፈለግነው፤ ሌላ ምንም።

ባለቤቴ «ግድግዳችን ተሰንጥቋል፣ ለስኑልን ብለህ ጻፍ» አለችኝ።

«እሱ ለጎረቤት የሚላክ ብጣሽ ወረቀት ነው እንጂ ማመልከቻ አይባልም» አልኳትና ሰባት ገጽ ጻፍኩ። ስንጥቁ ድመት ያሳልፋል አልኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ድመቷ ከነልጆቿ አለፈች። አምስተኛው ላይ ቤቱ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እያቃሰተ ወደ መንገዱ ያጋድላል። ሰባተኛው ላይ ቤተሰቡ ማታ ማታ ተሰነባብቶ ይተኛል። ስጨርስ የራሴ እንባ መጣ።

መንገድ መሥሪያ ቤቱ በዘመኑ አንድ ሰው አመነ፤ እሱም እኔን። በሳምንቱ ሁለት ሰዎች መጥተው ከአማቴ መስኮት ሥር በቀይ ቀለም ትልቅ ኤክስ አድርገው ወረቀት ሰጡን። «አመልካቹ በዝርዝር እንደገለጹት ክፍሉ ለነዋሪ ሕይወት አስጊ ስለሆነ በአምስት ቀን ውስጥ ተለቆ ይፈርሳል» ይላል።

አማቴ ወረቀቱን አስነበቡኝና መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንተ ልጅ፣ ልጄን ስታገባ ፎቅ ቤት አለኝ አልክ፤ ዝም አልኩህ። አሁን ደግሞ ያለችውንም ልታስፈርሳት ነው?»

«እማማ፣ ብዕሬ ኃይለኛ ሆኖ እኮ ነው።»

«ከኃይሉ ትንሽ ለግድግዳው ብታበድረው ምን ነበር?»

በሦስተኛው ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ኢንጂነሯ መጣች። ወጣት ናት፤ ጫማዋ ሬንጅ ነክቶታል። ከኪሷ መስመር የተሰመረባት ስስ ፕላስቲክ አውጥታ ስንጥቁ ላይ ለጠፍ አደረገችና «ሦስት ሚሊ ሜትር» አለች። ከዚያ ፋይሉን ገለጥ አድርጋ፣ «ድመቷ የታለች ጋሼ?»

ባለቤቴ ሳቋን ይዛ ጓዳ ገባች።

«እሱ እንኳ… አገላለጽ ነው» አልኩ።

«ስንጥቁ ከሮለሩ በፊትስ አልነበረም?»

«ሲያልፍ ነው ልስኑ መነጽሬ ላይ የረገፈው፣ የኔ ልጅ» አሉ አማቴ። ኢንጂነሯ ይህን ወዲያው መዘገበችው። እኔ በሰባት ገጽ ያጣሁትን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ አገኙት።

«አያችሁ» አለች፤ «ያየሁት ቤት በአንድ ቀን ልስን ይድናል። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቤት ግን ይፈርሳል። እኔ የምሠራው ደግሞ በፋይሉ ነው። የጻፉትን በራስዎ እጅ ያስተካክሉ፤ እሳቸውም ይፈርሙበት። ነገ ሌላ ሰፈር ነኝ፤ ከነገ ወዲያ አፍራሾቹ ይመጣሉ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከብዕር የወጣው የት እንደሚደርስ ግን የነገረኝ አልነበረም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እንደዚያ ቀን አልቦኝ አያውቅም። «ስንጥቁ ልክ እንደ…» ብዬ ስጀምር አማቴ ከአልጋቸው ሆነው «እንደ የለም» አሉ።

«በመጠኑ አስፈሪ የሆነው…»

«ማነው የፈራው?»

«ሦስት ሚሊ ሜትር የሚደርስ ግዙፍ…»

ጓዳ ውስጥ የሆነ ሰሃን ወደቀ፤ ባለቤቴ ሳቋ አምልጧት ነው።

ሰርዤ ሰርዤ፣ አርባ ወረቀት ፈጅቼ (አራት ነው የምትል አለች፤ ባለቤቴ ናት) ይህቺ ቀረች፦ «ሮለሩ ሲያልፍ የአማቴ ክፍል ግድግዳ ሦስት ሚሊ ሜትር ተሰንጥቋል። እሳቸው እዚሁ መኖር ይፈልጋሉ። ዝናብ ሳይገባ ይለሰንልን።»

አማቴ አስነበቡኝ፤ ደግመው አስነበቡኝ።

«እዚሁ መኖር እንደምፈልግ ማን ነገረህ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ማንም።»

«እሱስ እውነት ነው» ብለው ፈረሙ።

ኢንጂነሯ ይህቺን ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ከሰባቱ ገጾች በላይ አስገባች። እኔን አስከትላ ወጥታም ቀዩን ምልክት በጥቁር ቀለም ድራሹን አጠፋችው።

«ሐሙስ ለሳኞቹ ይመጣሉ። ሌላ የሚጨመር አለ ጋሼ?»

አፌን ከፈትኩ። አማቴ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ያዩኛል።

«የለም» አልኩ።