የሰገነቷ እመቤት

የድሮው ሰፈር መንገድ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሌላውን ያሳልፋል። ድንጋዩ በእግር ብዛት ተልጎ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጎብኚ የሚጎርፈው ግን ለሰገነቶቹ ነው፤ ከየፎቁ ወደ መንገዱ ለወጡት፣ ወፍና ሐረግ ለተቀረጸባቸው የእንጨት ሰገነቶች። ከሁሉም የሚያምረው የነአፈ ማር ነበር።

አፈ ማር አስጎብኚ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ሲያወራ ድንጋይ ያስቃል። የሚኖረው ከእናቱና ከልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቱ ጋር ነበር። እንግዶቹን ይዞ ከቤታቸው ሥር ሲደርስ፣ «እማዬ!» ብሎ ይጣራል። እናቱ ፀጉራቸውን አበጥረው ብቅ ይሉና እጃቸውን ያውለበልባሉ። «የሰገነቷ እመቤት» እያለ ያስተዋውቃቸዋል። እሳቸውም አይጠሉትም። «አባታችሁ እንኳ እንዲህ አይቶኝ አያውቅም» ይላሉ።

እህቱ የምትሰፋው ምድር ቤት ነው። ሰገነቱን የተሸከሙት አግዳሚዎች በክፍሏ ጣራ ያልፋሉ። አንድ ሰሞን ከላይ ዱቄት የመሰለ ነገር ስፌቷ ላይ ይረግፍ ጀመር። ወንበር ላይ ቆማ አግዳሚውን በመቀስ ብትወጋው፣ መቀሱ እስከ እጀታው ሰመጠ።

«ምስጥ ጨርሶታል» አለችው ወንድሟን። «ካሁን በኋላ እማዬን እንዳትጠራት።»

«አንቺ ደግሞ! አያታችን ስንቱን እንግዳ ያስተናገደበት ሰገነት እኮ ነው።»

«አያታችንም ሞቷል፣ እንጨቱም ሞቷል።»

ሳቀ፤ ቀና ብሎ የተወጋውን አግዳሚ ሲያይ ግን ሳቁን አቆመ። «እሺ እታለም፣ አናጢ እስካመጣ አልጠራትም» አላት።

ሰነበተ፤ አልጠራም፤ አናጢም አላመጣም። ስለ ምስጡ ማንም ያልነገራቸው እናቱ አኮረፉ። «አርጅታለች ብለህ አፈርክብኝ እንዴ?» አሉት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ እህቱ የሰፋችውን ልብስ ልታደርስ ወጥታ ሳለ፣ አንዲት እንግዳ ስልኳ ላይ የእናቱን ፎቶ አሳየችው። «የመጣሁት ለሳቸው ነው» አለች። አፈ ማር ቀና ብሎ አየ። ሰገነቱ ፀሐይ ላይ እንደ አዲስ ያበራል።

«እማዬ!»

እናቱ ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል ወዲያው ወጡ። እጃቸውን አነሱ። እንጨቱ ድምፅ እንኳ አላሰማም፤ ውሃ እንደነካው ዳቦ ተገመሰ።

እህቱ ስትመለስ መንገዱ በሰው ተዘግቷል። ሰውን እየገፈተረች ገባች። ወንድሟ የእናታቸውን ራስ ታቅፎ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ጠራሃት?»

የእናቱን ፀጉር በእጁ አስተካከለ።

«ጠራሃት ወይ?»

«አንዴ ብቻ» አለ።

ቀብሩ እንዳለፈ የስፌት መኪናዋን ጋሪ ላይ አስጫነች። በአዲሱ ሰፈር፣ ማንም ዞሮ የማያየው ሕንፃ ላይ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታለች።

«እታለም፣ ቤታችንን ለማን ትተሽ?» ብሎ ጋሪውን ያዘ።

«ለአንተ። የምትወደው አንተ ነህ» አለችና እጁን ከጋሪው ላይ አነሳችው።

አፈ ማር ሥራውን ተወ። ሌሎች አስጎብኚዎች ግን እዚያ መቆማቸውን አልተዉም። አንድ ቀን በእናቱ አልጋ ላይ እንደተቀመጠ፣ ከታች አንዱ ሲናገር ሰማ፤ «እመቤቲቱ የጠፋ ባሏን ስትጠብቅ፣ ሰገነቱ ኀዘኗን መሸከም አቃተው…» እንግዶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ውሸት ነው!» ሊል ብድግ አለ። ደረጃው ጋ ደርሶ ቆመ። ወርዶ እውነቱን ቢናገር፣ የሚናገረው «የጠራኋት እኔ ነኝ» የሚለውን እንደሆነ ያውቃል። የእጅ መደገፊያውን እንደያዘ፣ እንግዶቹ እየተሳሳቁ ወደሚቀጥለው ቤት ሲያልፉ ሰማ።