ማኅተም የማይጠይቅ መብት

ጋሽ ወልደሥላሴ ከጄኔቫ ዙሪክ ድረስ በባቡር የሄዱት ማኅተም ለማስመታት ነው። በፌስታል የያዙት ሰማያዊ የግጥም ደብተር ውስጥ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤዎች አሉ፤ አንዱ ከዕድሩ፣ አንዱ ከሰበካ ጉባኤው። ሁለቱም እሳቸው የሠላሳ ዓመት ገጣሚ መሆናቸውን ይመሰክራሉ፤ ሁለቱም ላይ ክብ ማኅተም አርፏል። ሰው ያለ ድጋፍ ደብዳቤ ቢሮ አይሄድም። አርባ ዓመት አውሮፓ መኖር ይህን አላስረሳቸውም።

በእነዚህ ዓመታት የሀበሻ ልጅ ተድሮ የእሳቸው ግጥም ያልተነበበበት ሠርግ የለም። የዙሪኩ ማኅበር ሊቀመንበር ደጀኔ ግጥሞቹን በመጽሐፍ ሊያሳትም ተነሥቶ ሽፋኑን አዘጋጅቷል፤ ስማቸው በወርቅ ቀለም ነው። «ቀድመው ያስመዝግቡ ጋሼ፣ እዚህ አገር ሕግ አለ» ያላቸውም እሱ ነው።

ዮሐና የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ጄኔቫ ዳር ኦኔ ሰፈር ተወልዳ አሁን ዙሪክ ጠበቃ ሆናለች። ደብዳቤዎቹን በአክብሮት አይታ መለሰችላቸው።

«ሽቴምፔል፣ ማኅተም የሚባል ነገር የለም ጋሼ። መዝገብም የለም። ግጥሙ ሲፈጠር መብቱ አብሮ ይወለዳል።»

ደስ አላላቸውም። ማኅተም ያልነካው መብት ዝናብ የሚያስገባ ቤት መሰላቸው። ዮሐና ግን በትዕግሥት አስረዳቻቸው፦ መብቱ ደራሲው ከሞተ በኋላ ሰባ ዓመት ይቆያል፣ ለወራሽም ይተላለፋል። ስሙ ሽፋኑ ላይ የወጣ ሰው ደግሞ፣ ሌላ እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ ደራሲው እሱ ነው ተብሎ ይገመታል።

«ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው» አለች። «ማነው የፈጠረው?»

ለዚህኛው ጥያቄ ደብዳቤ አላመጡም።

ባለቤታቸው ጸሐይነሽ ካረፈች ሦስት ዓመቷ ነው። ሆቴል ልብስ ተኳሽ ነበረች፤ ቤት ስትገባም የምታርፈው እየተኮሰች ነው። ግጥም የሚመጣላትም ያኔ ነው። እሷ ትላለች፣ እሳቸው ጠረጴዛው ዳር ተቀምጠው ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ሠርግ ላይ ሰው ፊት መቆም ፈርታ አንተ አንብበው አለቻቸው። አነበቡ፤ ተጨበጨበ። የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ እሳቸውም ሳይጠየቁ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። አንድ ጊዜ ግራንድ ሳኮኔ ሰፈር በተደገሰ ሠርግ ላይ አንዲት ሴት «ገጣሚ ባል ማግባትሽ መታደል ነው» ብትላት፣ ጸሐይነሽ «አዎ፣ የእጅ ጽሑፉ ያምራል» ብላ ጉርሻዋን ቀጠለች።

አሁንም ዝም ቢሉ ሕጉ ያምናቸዋል።

«ልጄ» አሉ። «የሚለው ሌላ፣ የሚጽፈው ሌላ ቢሆንስ?»

«ግጥሙ የሚለው ሰው ንብረት ነው።»

«የጻፈው ሰው ትንሽ ነገር ቢጨምርበትስ?»

«ምን ጨመሩበት?»

ደብተሩን ገልጠው አገላበጡ። «‹ድገሚልኝ› እል ነበር። ትፈጥንብኝ ነበር።»

ዮሐና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የእኔ ሠርግ ላይ ያነበቡትም?»

«እሱንማ ቬሎሽን እየተኮሰች ነው ያለችው።»

ዮሐና ወደ መስኮቱ ዞረች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። እሳቸው ደብተሩን እየደባበሱ ይቆጥሩ ነበር።

«ሰባ ነው ያልሽኝ? ሦስቱ አልፏል። ስልሳ ሰባት ዓመት ይቀራታል ማለት ነው።»

እዚያው ሆነው ደጀኔ ጋ ደወሉ። ደጀኔ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሽፋኑ አልቋል አለ፣ ቀጥሎ ሰው ምን ይላል አለ፤ በመጨረሻ የሁለታችሁንም ስም ላድርገው ብሎ ለመናቸው። እሳቸው የሷን ብቻ አሉ። ሰው የፈለገውን ቢል ግድ እንደሌላቸው፣ ዕድሩም ደብዳቤውን መልሱ ቢላቸው እንደሚመልሱ ጨመሩ።

ሲመለሱ ባቡሩ ሎዛን አልፎ በሐይቁ ዳር ሲሄድ ስልካቸው ጮኸ። ደጀኔ ነበር፤ አዲሱን ሽፋን ሊያነብላቸው ነው የደወለው። ድምፁ ገና እንዳኮረፈ ነው።

«‹የሠርግ ግጥሞች። በጸሐይነሽ ከፈለ።› ልክ ነው?»

ጋሽ ወልደሥላሴ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።

«ድገምልኝ» አሉት።