በነጻ የገቡት ተመልካቾች

ሊዮኔል ፔቨረል አሥራ ሰባት ቲያትር ፕሮዲውስ አድርጎ አሥራ አራቱን ቀብሯል። ሦስቱ ለምን እንደተረፉ እሱም አያውቅም። እኔ የመድረኩ ኃላፊ ነኝ፤ መጋረጃ አስከፍታለሁ፣ መብራት አስጠፋለሁ፣ የሊዮኔል ውሸት እርስ በርሱ እንዳይጋጭም አስታውስለታለሁ። ከባዱ የመጨረሻው ነው።

ቴሌቪዥን የለንደንን ሰው እቤቱ ማስቀረት የጀመረበት ዘመን ነበር። አሥራ ስምንተኛው ቲያትራችን በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት የመዝጊያው ማስታወቂያ ከመድረክ ጀርባ ተለጠፈ፤ ቅዳሜ ያበቃልናል። ተውኔቱ ስለ አንዲት መበለት ነው። መበለቷን የምትጫወተው ሄስተር ክዌይል ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከዚያ በፊት ለስድስት ዓመት ሥራ የሰጣት አልነበረም። ሊዮኔል ደግሞ "ይህን ቲያትር ፊልም አደርገዋለሁ፤ መበለቷም አንቺ ነሽ" ብሎ ቃል ገብቶላታል። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። በእሱ ቃል እንዳትተማመን ላስጠነቅቃት አስብና ፊቷን ሳይ ምላሴ ይተሳሰራል።

ማክሰኞ ጠዋት ሊዮኔል እያለከለከ መጣ።

"ማቪስ፣ ነገ በቀኑ ትርኢት ኦግደን ይመጣል። የፊልም ስቱዲዮው ባለቤት። ከወደደው ይገዛዋል።"

"ለነገ የተሸጠው አሥራ ዘጠኝ ቲኬት ነው። ሁለቱ እግራቸውን ለማሳረፍ የሚገቡ አሮጊቶች ናቸው።"

"በነጻ እንሞላዋለና።"

ይህ በእኛ ሙያ ነውር አይደለም። አዳራሽ ሲራቆት ቲኬቱ ለነርሶች ወይም ለጡረተኞች ይታደላል፤ እነሱም ደስ ብሏቸው ይስቃሉ። ሊዮኔል ግን ነርሶች ፍለጋ ለመዞር ሰነፈ። ሥራ ያጡ ተዋንያን በአንድ ሲኒ ሻይ ወደሚውሉበት ካፌ ገብቶ ሦስት መቶ ቲኬት አደለ። እንዳይቀሩበትም ኦግደን አምስተኛው ረድፍ ላይ እንደሚቀመጥ ነገራቸው።

"ለሦስት መቶ ሥራ ፈት ተዋናይ የፊልም ሰው የት እንደሚቀመጥ ነገርካቸው?"

"መሳቅ ያውቃሉ እኮ። ሙያቸው ነው።"

ረቡዕ መጋረጃው ተከፈተ። ሄስተር ገብታ ፖስተኛውን "ደህና ዋልክ" ከማለቷ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አንዱ ሰውዬ መጀመሪያ እንደ ወጣት፣ ቀጥሎ እንደ ሽማግሌ፣ በመጨረሻ እንደ ወንጀለኛ ሳቀ፤ ለኦግደን ምርጫ መስጠቱ ነው። ሄስተር የሟች ባሏን ደብዳቤ ስትከፍት ደግሞ ቀይ ኮፍያ ያደረገች ሴት ብድግ አለች፤ ፊቷን ወደ ኦግደን አዞረች፤ ቀሚሷን አስተካክላ ራሷን ሳተች። ወዲያው "ሐኪም ነኝ" የሚሉ አራት ሰዎች ተነሡ። አንዱን አውቀዋለሁ፤ ባለፈው የገና በዓል በልጆች ትርኢት ላይ፣ ሁለት ሰው በሚለብሰው ፈረስ ውስጥ የኋላ እግር ሆኖ ሠርቷል።

ኦግደን መድረኩን ትቶ እነሱን ያይ ጀመር። ሊዮኔል አጠገቤ ቆሞ ክራቫቱን ያኝካል።

"መጋረጃውን ላስዘጋ?" አልኩት።

"አስዘጊ። የለም፣ ተይ። እኔ እንጃ።"

ያኔ ሄስተር ደብዳቤውን አጠፈችው። ወንበሯን እስከ መድረኩ ጫፍ ጎትታ ተቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሕዝቡን ታይ ጀመር። አልተቆጣችም። ልጆቿ እንግዳ ፊት ሲቅበጠበጡ እንደምታይ እናት ዝም ብላ አየቻቸው። ስድስት ዓመት እዚያው ካፌ አብራቸው ሻይ ጠጥታለች፤ ሁሉንም በስማቸው ታውቃቸዋለች። ባለ ቀይ ኮፍያዋ ቀስ ብላ ተነሥታ ወንበሯ ላይ ተመለሰች። ሐኪሞቹም ተቀመጡ። ጸጥ ሲሉ ደብዳቤውን ዘረጋችና እያየቻቸው ከመጀመሪያው አነበበችላቸው። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አለቀስኩ።

ትርኢቱ ሲያበቃ ኦግደን ከመድረክ ጀርባ መጣ።

"ተውኔቱ ደካማ ነው" አለ። "ግን እሷ ካለችበት እገዛዋለሁ። ያ ሁሉ ረብሻ፣ ከዚያ ወንበሯን ጎትታ ማየቷ፣ የማን ሐሳብ ነው?"

ሊዮኔል ዓይኑን በጨው አጥቦ "የእኔ" አለ። "ሦስት ሳምንት ተለማምደነዋል።"

ኦግደን ወደ ሄስተር ዞረ። እውነቱን ብትናገር ሊዮኔል አለቀለት። እሷ ግን ሊዮኔልን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ለእሷ ቃሉን የጠበቀ የመጀመሪያው ፕሮዲውሰር ነበር።

"አራት ሳምንት ነው" አለች። "እሱ ቶሎ አይገባውም።"