ባለ ዓሣው ሰሐን

ሰሐን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ምን ነክቶት ነው ብለን የሳቅነው ሁለታችንም ነን፤ እኔና እህቴ የወርቅውሃ።

እህቴ ሳን ሆዜ ከተማ የምትንከባከባቸው አሮጊት ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ሲገቡ፣ በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት፣ ሳሎናቸው ውስጥ ከተሰቀሉት ሰሐኖች አንዱን ሰጧት። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የእንግሊዝ ሸክላ ነው። ዳር ዳሩን ዛጎልና የባሕር ሣር ከቦታል፤ መሐሉ ላይ ሰማያዊ ዓሣ አበጥ ብሎ ወጥቷል፤ ሁሉ ነገሩ አሁን ከውሃ የወጣ ይመስል ያብለጨልጫል። ለማየት እንጂ ለመብላት አይደለም ብለዋት ነበር። እሷ የፈረንጅ ስስት ነው አለች፤ በሹራብ ጠቅልላ ኦክላንድ ድረስ ይዛው መጣች።

እዚያው ኦክላንድ ቴሜስካል ሰፈር ባለችው ጠባብ አፓርትመንታችን ውስጥ ሰሐኑ የልጇ የቤተልሔም ሆነ። የወርቅውሃ ግትር ናት። ሌላው በፕላስቲክ ይብላ፣ የእኔ ልጅ ግን በደኅናው ሰሐን ነው የምትበላው አለች። ቤቲ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ምግብ ሲቀርብላት አፏን የምትገጥም ልጅ ነበረች። እናቷ ዓሣውን በቲማቲም ፍትፍት ትቀብረውና ሎሚ ትጨምቅበታለች፤ ልጅት ኮምጣጣ ትወዳለች። «ዓሣው ታፍኗል፣ ቶሎ አውጪው» ስትላት፣ ዓሣው እስኪታይ ትበላለች። እውነቱን ለመናገር፣ ያንን ማየት ደስ ይል ነበር።

ከዚያ ሆዷን ያማት ጀመር። ፈዘዘች። ባማርኛም በእንግሊዝኛም ስትለፈልፍ የምትውል ልጅ ቃላቷ እየጠፉባት ሄዱ። ክሊኒክ ወሰድናት፤ ደሟ ውስጥ ሊድ የሚባል የእርሳስ መርዝ አገኙ። ቤቱን የሚፈትሽ ሰው መጣ። የመስኮቱን ቀለምና የቧንቧውን ውሃ አየ፤ ደኅና ነበሩ። ሰሐኑን ከመደርደሪያው ሲያነሣ ግን ፊቱ ተለወጠ። መርዙ እንዲያ የሚያብለጨልጨው ቅቡ ውስጥ ነበር፤ ሎሚው እያሟሟ ሲያወጣው ከርሟል።

የወርቅውሃ እንግሊዝኛ ታውቃለች። ክሊኒክ የተመለስን ቀን ግን ነርሷን በእኔ በኩል፣ ባማርኛ ነው የጠየቀቻት።

«ይመለስላታል?»

ነርሷ መድኃኒቱ ደሟን ያጠራዋል፣ አእምሮዋ ላይ የደረሰው ጉዳት ግን የሚመለስ አይመስለኝም አለች። አለስልሼ ልተርጉምላት ብሞክር ቃል አጣሁ። ደግሞም አስቀድማ ሰምታዋለች።

ትናንት ቲማቲም ፍትፍቱን በፕላስቲክ ሰሐን ሰጠናት። ጥርግ አድርጋ በላች። ባዶውን ሰሐን በጣቷ ፋቀችው፤ አነሣችና ከሥሩ አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

«ዓሣው ሄደ፣ የኔ እናት» አለቻት እህቴ።

ድሮ ቢሆን የት ሄደ፣ ለምን ሄደ፣ መቼ ይመጣል እያለች ታደርቀን ነበር። አሁን ሰሐኑን አስቀመጠችና ዝም አለች።