ሃሩን ያጠበቀው ፊልተር

እንደ ሃሩን ያለ የሥራ ሸሪክ ለጠላቴም አይስጥ። ሌላውን ቀን እዚህ ሳዑዲ፣ ደማም ውስጥ ቧንቧ ሲጠግን ይውላል፤ ጁምዓ ጁምዓ ደግሞ እኔን ፎቶ በማንሳት ያግዘኛል። ያለን አንድ ካሜራ፣ ሁለት ሌንስና አንድ ፊልተር ነው። ፊልተሯ የውኃ ነጸብራቅ የምትቀንስ መስታወት ናት፤ እሷ ካለች ባሕሩ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። የገዛኋት ሰፊ አድርጎ ለሚያነሳው ለትልቁ ሌንስ ነበር። ፊት የማነሳበት ትንሹ ሌንስ አፉ ጠበብ ስለሚል፣ መሃል ላይ ቀጭን የብረት ቀለበት አስገባለሁና ለሁለቱም ታገለግላለች። ማሰርና መፍታት ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

ያን ጁምዓ ኬሪያ ፎቶ ልትነሳ ኮበር ኮርኒሽ፣ ባሕሩ ዳር፣ መጣች። የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ ማዳሟ የፈቀደችላት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሾፌሩ መኪና ውስጥ ሆኖ ይጠብቃታል። ወሎ ያሉት እናቷ ታመዋል፤ ልጃቸውን ካዩ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል። ዓይናቸው ደክሞ የስልክ ፎቶ አይለይላቸውም። ስለዚህ ፎቶው በትልቁ ታትሞ፣ ነገ በኹሩጅ፣ በመውጫ ቪዛ፣ አገሯ በምትገባው በጓደኛዋ በሬሀና እጅ ሊላክላቸው ነው። ሬሀና ካመለጠች ሌላ የሚሄድ ሰው የለም።

«ባሕሩን ከኋላሽ አደርገዋለሁ» አልኳት፣ ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ። ኮርኒሽ ድረስ መጥቶ ያለ ባሕር የሚነሳ ማን ነው? አንገቷን ደፋች። እኔም እሺ ያለች መሰለኝ።

ትልቁን ሌንስ ገጠምኩ። ፊልተሯን ከትንሹ ላይ ልፈታ ብል ንቅንቅ አልል አለች። ጠጋ ብዬ ሳያት የመጠምዘዣው ጥርስ ላይ ነጭ የቧንቧ ቴፕ ተጠምጥሟል።

«ሃሩን፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ብርሃን እንዳያፈስ ነዋ» አለ ኮራ ብሎ። «ቀለበቱንም ፊልተሩንም በመፍቻ አጥብቄዋለሁ። ወላሂ ከእንግዲህ አይላላም።»

ደሜ ፈላ። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት እሱ ነው። በጨርቅ ይዤ አዞርኩ፣ በጎማ ጓንት ሞከርኩ፤ ሃሩንም በተራው እየታገለ ጣቱን ላጠ። ያለ ፊልተር ላንሳ ብል ፀሐዩ ውኃው ላይ አንጸባርቆ ባሕሩ ነጭ ሆነብኝ። እንደገና ወደ መታገሉ ተመለስኩ። ንዴት ነው እንጂ ሥራ አልነበረም። ኬሪያ ለባሕሩ ጀርባዋን ሰጥታ፣ እጇን አጣምራ ቆማ ትጠብቃለች።

ከአንድ ሰዓቷ አርባ ደቂቃው በዚህ አለቀ። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

«ወንድሜ» አለችኝ፣ «ትንሹ ሌንስ ፊቴን ብቻ ማንሳት ይችላል?»

«ይችላል። ግን ባሕሩ አይገባም።»

«አይግባ። ታናሽ ወንድሜ በየመን በኩል ሲመጣ ባሕር ላይ ነው የቀረው። እናቴ ግድግዳዋ ላይ ባሕር ትሰቅላለች እንዴ?»

ንዴቴ ገና አልበረደም ነበርና «ታዲያ ይህን ቀድመሽ አትነግሪኝም?» አልኳት።

«መች ጠየቅኸኝ?»

አፈርኩ። ሃሩን ራሱ በጀልባ የተሻገረ ልጅ ነው፤ ቦርሳዬን አነሳና ኬሪያን ባሕሩ ወደማይታይበት ወደ መኪና ማቆሚያው ግንብ ወሰዳት። እኔም ትንሹን ሌንስ፣ ከነተጣበቀው ፊልተር፣ ካሜራው ላይ ገጥሜ ተከተልኳቸው።

«እንዴት ሆነሽ መነሳት ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሻሿን ከግንባሯ ላይ ወደ ኋላ ገፋ አደረገች።

«ግንባሬ በደንብ ይታይ» አለች። «ከወንድሜ ጋር አንድ ዓይነት ነው። እናቴ እሱንም ትየው።»

ሾፌሩ እንደገና ጥሩምባውን ነፋ። ጠጋ አልኩና አነሳኋት።